በቀትር የሚታዘዝ ውሻ

ወንድሜ ወደ ሊቢያ ሲሄድ የተወልኝ አንድ ቦርሳ ልብስና አንድ ውሻ ነው። ልብሱ አላስቸገረኝም፤ አልጋ ሥር ገፋሁት። ውሻን ግን አልጋ ሥር ገፍቶ መርሳት አይቻልም። ባሕሪ በሚባለው ሰፈር በቀን ሥራ ይውልበት ከነበረው የብየዳ ቤት ደጃፍ አንሥቶ ያመጣው ነው፤ አንድ ጆሮው የቆመ፣ አንድ ጆሮው የወደቀ፣ ቀለሙ ከካርቱም አቧራ የማይለይ። «አደራ፤ ስደርስ እደውላለሁ» አለኝና በጠዋት ወጣ። ስንቱ ነው እንዲህ ብሎ የወጣው። የተናደድኩት በእሱ መሄድ ይሁን በውሻው መቅረት እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ይህ ሁሉ ጦርነቱ ካርቱም ከመግባቱ በፊት ነው። የምኖረው ሳጃና ሰፈር፣ አንዲት ሱዳናዊት ሐጃ ግቢ ውስጥ ነበር። ከጓሮ በኩል ጎን ለጎን የተሠሩ ክፍሎች አሏቸው፤ በአንዱ እኔ፣ ከግድግዳዬ ወዲያ ባለው ደግሞ ከወንድሜ ጋር ይሠራ የነበረ ጓደኛው። ሐጃ ክፉ ሴት አይደሉም። ውሻ ግን ለእሳቸው ነጂስ ነው፤ አፉ የነካውን ዕቃ ደጋግመው ሳያጥቡ አይነኩትም። የመጠጥ ውሃ የሚቀዘቅዝበት ትልቅ የሸክላ ጋን፣ እነሱ ዚር የሚሉት፣ በረንዳቸው ላይ ይቀመጣል፤ የስግደት ምንጣፋቸውም እዚያው አጠገቡ ነው። አንድ ቀን ውሻው ከዚሩ ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ ሲልስ አገኙት።

«ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ» አሉኝ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ወላሂ እወድሻለሁ። ግን ይሄ ውሻ ወይ አደብ ይማራል፣ ወይ ኸላስ፣ ሁለታችሁም ሌላ ቤት ትፈልጋላችሁ።»

ውሻ ማስተማር የሚባል ነገር ያየሁት አርካዊት ሰፈር፣ ከማጸዳበት ቤት ነው። የቤቱ ጌታ ጥጃ የሚያህል ውሻ ነበራቸው። አንድ ቃል ሲናገሩ ይቀመጣል፣ ሌላ ቃል ሲናገሩ ይተኛል። እኛ አገር ውሻ የሚማረው ከሁለት ነገር አንዱን ነው፤ ወይ እንጀራ ትወረውርለታለህ ወይ ድንጋይ። እንዴት እንዳደረጉት ብጠይቃቸው ሳቁና ነገሩኝ፤ አንድ ቃል፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ ሲታዘዝ ወዲያው ሽልማት። ካልሰማ ቃሉን አትደጋግሚ፣ ሌላ ቃልም አትጨምሪ አሉኝ።

ቁጭ፣ ተኛ፣ ና የሚሉትን መረጥኩ። ሽልማቱ የደረቀ ዳቦ ሆነ፤ ሑዳዴ ስለነበር ሥጋ እቤቴ አይገባም፣ ስለዚህ ውሻውም ሳይወድ በግዱ ጾመ። ችግሩ ያለው አንድ ቃል ከሚለው ላይ ነው። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ አንድ ቃል ብቻ ተናግሬ አላውቅም። «ቁጭ» ብዬ ካልተቀመጠ፣ «ቁጭ በል እኮ ነው የምልህ፣ አንተ ምን ዓይነት ፍጥረት ነህ፣ ልታስወጣኝ ነው እንዴ ከቤት» እያልኩ እቀጥላለሁ። ውሻው አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንደ ጨዋ ያዳምጠኛል። አይቀመጥም።

ወንድሜ ከመንገድ ሆኖ መስመር ባገኘ ቁጥር ድምፁን እየቀዳ በስልክ ይልክልኝ ነበር። ስለ ውሻው ሳማርር ሳቀብኝና ሌላ ምንም ያልተጨመረበት አጭር ድምፅ ላከ። «ቁጭ» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ «ጎበዝ»። መስኮቱ ላይ ስልኩን አድርጌ ከፈትኩት። ውሻው እንደ ሰው ተቀመጠ። «ተኛ» እና «ና» የሚሉትንም ላከልኝ። ከዚያ ወዲያ መምህሩ ስልኩ ሆነ፤ እኔ ዳቦ አቀባይ። ውሻው ከዚሩ ራቀ፣ ከምንጣፉ ራቀ። ሐጃ በረንዳቸው ላይ ሆነው ሲያዩ፣ «ማሻአላህ፣ ወንድምሽ ከበረሃ ሆኖ ከአንቺ ይሻላል» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ድምፁ ቆመ።

በረሃ ውስጥ መስመር የለም አልኩ። ስልኩን ቀምተውት ይሆናል አልኩ። የታሰሩ አሉ፣ ቆይተው የሚደውሉ አሉ፤ የሰማሁትን ደህና ደህና ወሬ ሁሉ ሰበሰብኩ። የቀደሙትን ቅጂዎች መክፈት ግን አቃተኝ። ውሻውን «ቁጭ» ሲለው የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ እንደገና በራሴ ድምፅ ማስተማር ጀመርኩ፣ ውሻውም እንደገና አልሰማኝም። በዚያ ሰሞን ሥራ ብውልም፣ ምግብ ብበላም፣ በልቤ ያለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ወንድሜ አለ ወይስ የለም።

እኔ ባደግሁበት አገር በቀትር ወንዝ አይወረድም፣ ዋርካ ሥር አይተኛም። ክፉ ነገር ጨለማን ብቻ አይጠብቅም፤ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ጥላ ከእግር ሥር ሲገባ እሱም ይወጣል ይባላል። ካርቱም ደግሞ የቀትር ከተማ ናት። በዚያ ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል፣ ባለ ሦስት እግሩ ረክሻ እንኳ አያልፍም። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፤ ያን ጊዜ ዝምታው ጆሮ ውስጥ ይጮኻል።

የሕማማት ሳምንት ሊገባ ሲል አሞኝ ከሥራ ቀረሁ። መብራት የለም። ውሻው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፣ እኔ አልጋዬ ላይ። ድንገት ተነሣ። ወደ ግድግዳው ዞረና ተቀመጠ። ከዚያ ተኛ። ከዚያ ተነሥቶ ሄደና አፍንጫውን ከግድግዳው አስጠጋ። ተመልሶ ደግሞ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተኛ። ጅራቱ ወለሉን ይጠርጋል። እኔ አፌን አልከፈትኩም። ግቢው ውስጥም ድምፅ የሚባል የለም።

ወጥቼ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። መልስ የለም፣ ጫማውም ደጃፉ ላይ የለም። መኖርም የለበትም፤ በየጠዋቱ ወደ ባሕሪ ሲወጣ አየዋለሁ። ተመልሼ ስገባ ውሻው ፀጥ ብሎ ግድግዳውን ያያል። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ጠበል ግድግዳው ላይ ረጨሁ፣ ለውሻውም ደረሰው። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት እንደገና ተነሣ።

ያኔ ቆረጥኩ። ወንድሜ ሞቷል፤ በቀትር እየመጣ ውሻውን ያስተምራል። ፈራሁ፣ ፀጉሬ ቆመ። ከፍርሃቴ የባሰው ግን ቅናቴ ነው። ሞቶ የሚመጣ ከሆነ እንዴት ለውሻ ይመጣል፣ እህቱ እዚህ ቁጭ ብላ? ግድግዳውን አይቼ ጮክ ብዬ ሰደብኩት። በሕይወት እያለም እንዲሁ ነበር፣ ለማይገባው ሰው ነው ጊዜ የሚሰጠው።

ይህን የማወራው ለማን ነው? ሳጃና ውስጥ የሴቶች ማኅበራችን ትልቅ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ነበሩ። ሄጄ ነገርኳቸው። ምስር ይለቅሙ ነበር፤ እጃቸው ቆመ። እሳቸውን የማውቃቸው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰሙ ሲቆጡ ነው፤ «ሂጂ ጸልዪ፣ የቃዠሽውን አታውሪ» ይሉኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ውሻው እንዴት እንደተቀመጠም አልጠየቁኝ። ዓይናቸውን ከትሪው ሳያነሡ፣ «ልጄ፣ ብቻሽን አትዋይ» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ደግ ሆነ፤ እንደዚያ ያለ ደግነት ደግሞ ጤና አይደለም። ቀድሞ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ደወለ ወይ?» ይለኝ ነበር። አሁን የሚጠይቀኝ ጠፋ። ፋሲካ ሲሆን እትዬና ሁለት ሴቶች ድስት ተሸክመው መጡ፣ አብረን እንፈስክ ብለው። እኔን እያጎረሱ እነሱ እምብዛም አይበሉም። ስስቅ ይስቃሉ፣ ዝም ስል አንዷ ተነሥታ ዕቃ ታጥባለች። ጎረቤቴን ጠርተን ዶሮውን ስንሰጠው ቀና ብሎ አላየኝም፤ ክብደቱ ቀንሷል፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው አለ። የወንድሜን ስም ያነሣ አንድም ሰው የለም። እኔም አላነሣሁም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በማግሥቱ ውሻው እንደገና ዚሩ ሥር ተኝቶ አገኘሁት። ሐጃ ከፊቱ ቆመዋል። ሮጬ ልጎትተው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። በአሮጌ ጣሳ ውሃ ቀድተው ከፊቱ አስቀመጡለትና፣ «መዓሌሽ፣ ምንም አይደለም፣ ተይው ይጠጣ፣ ሙቀት ነው» አሉኝ። ሌላው ሁሉ አስጨንቆኝ ነበር፤ ይኼ ግን አስፈራኝ።

ሐሙስ ከአርካዊት ቀደም ብዬ ተመለስኩ። መብራት ጠፍቷል። ገና ነጠላዬን ሳላወልቅ ውሻው ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀመጠ። እኔም በዚህ ጊዜ ከውሻው አጠገብ ተንበረከኩና ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደረግሁ።

የወንድሜ ድምፅ ነው። ቀጭን ሆኖ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ፣ ግን የእሱ ነው። ቁጭ አይልም። ተኛም አይልም። ያወራል። «በረሃው እኮ ማታ ማታ ይበርዳል፣ ማን ያምናል። ያን ጃኬት ለአንተ ትቼ መምጣቴ ነው የሚቆጨኝ። እህቴ አሁንም ውሻው ላይ ትጮኻለች አይደል?» ይልና ይስቃል። ያልቃል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ውሻው ቃሉን አልሰማም፤ የሰማው ድምፁን ነው። ምን እንደታዘዘ ስላላወቀ የሚያውቀውን ሁሉ በየተራ ያደርጋል፣ ምናልባት አንዱ ትክክል ይሆናል ብሎ። ይህ ሲገባኝ የእትዬ እጅ፣ የፋሲካው ድስት፣ የሐጃ ጣሳ፣ ሁሉም አብሮ ገባኝ።

ሄጄ በሩን ሳላንኳኳ ገፋሁት። ጓደኛው አልጋው ጫፍ ላይ፣ ጫማውን አልጋው ሥር ደብቆ፣ ስልኩን ከጆሮው አጠገብ ይዞ ተቀምጧል። ወደ ባሕሪ መሄድ ከተወ ቆይቷል፤ ጠዋት እኔ እንዳየው ይወጣል፣ እኔ ስሄድ ይመለሳል። አየኝ። ስልኩን ለመዝጋት እንኳ አልሞከረም።

«እሑድ ነበር ያሰብነው» አለኝ።

እኛ ዘንድ ሞት እንዲሁ አይነገርም። ብቻዋን ላለች ሴት በተለይ አይነገርም። ዘመድ ይጠበቃል፣ በዓል ይታለፋል፣ ቀን ይቆረጣል፤ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ሄደው ያረዷታል። ገዳሪፍ ያለችው አክስታችን ቅዳሜ ትገባለች አለኝ። ፋሲካን በደስታ ትዋል ብለው ነው የቆዩት። በመንገድ ከወንድሜ ጋር የነበረ ልጅ ደውሎ የነገረው ለዚሁ ጓደኛው ነው። እንዴት እንደሆነ ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት እጄን አነሣሁ።

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አልኩት። «እሑድ ኑ።»

«እህቴ…» አለና ማልቀስ ጀመረ። ውሻው በእግሬ መካከል ሾልኮ ገብቶ ስልኩ ፊት ተቀመጠ። እኔ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

አርብ ሥራ ሄድኩ። ወለል ወለወልኩ፣ መስታወት አጸዳሁ። ቅዳሜ አክስቴ እትዬ ቤት እንደገባች አውቄ በዚያ መንገድ አላለፍኩም። እነሱ እንዳላውቅ ይጠነቀቃሉ፣ እኔ ማወቄን እንዳያውቁ እጠነቀቃለሁ፤ ግቢው በሙሉ በእግር ጣቱ ጫፍ ይሄዳል። ያን ሁለት ቀን ያበድኩ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ልቅሶውን ብቻዬን መጀመር አልፈለግሁም። ሞቱ ሰው ይፈልጋል፣ ያለ ሰው የሚሸከመው የለም።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ ነቅቼ ልብሴን ለብሼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። የግቢው በር ተከፈተ፣ የብዙ ሰው እግር ቀስ እያለ ገባ። ውሻው ተነሥቶ ማጉረምረም ሲጀምር «ቁጭ» አልኩት። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ተቀመጠ።

አንኳኩ። እንደማያውቅ ሰው ከፈትኩ። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ሐጃ እንኳ በነጭ ቶባቸው ተሸፍነው ከኋላ ቆመዋል። «ምነው፣ በደህና ነው?» አልኩ፣ መባል ያለበትን። ድምፁን በግድግዳ ሰምቼ፣ የጓደኛውን እንባ በዓይኔ አይቼም፣ ለእኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ወንድሜ አሁንም መንገድ ላይ ነበር። አክስቴ ከፊት መጣችና ሁለት እጇን ዘረጋች። አፏን ከፈተች፤ ያን ጊዜ ወንድሜ ሞተ።