የተቃወመ እጁን ያውጣ

ኮሽታ ይሏታል። ወላጆቿ ያወጡላት ስም እንዳይመስላችሁ፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ክው ስለምትል የሆስፒታሉ ሰው የለጠፈባት ነው። በር ሲንኳኳ መርፌዋን ትጥላለች፣ አለቃ ሲያስነጥስ ብድግ ትላለች። ምድር ቤት ባለችው ጠባብ የስፌት ክፍል የተቀደደ አንሶላ ስትጥፍ፣ የቀዶ ጥገና ልብስ ጠርዝ ስትቀመቅም ዕድሜዋ ነጎደ።

ዘንድሮ ግን እውነተኛ ፍርሃት ነበራት፤ እንዳትስቁባት። ደም ግፊት የጣላቸው እናቷ እዚያው ሆስፒታል፣ የሴቶች ክፍል መስኮት ሥር ተኝተዋል። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል። የአካል እንቅስቃሴ የሚያሠራው ባለሙያ ጠዋት ጠዋት እየመጣ፣ ክንዳቸውን ከሥር ደግፎ፣ "እናታችን፣ ያንሱ" ይላቸዋል። ተነሳም አልተነሳ "ጎበዝ" ብሎ ይሄዳል። ከዚህ የተነሳ በሽተኞቹ ስሙን ትተው ያንሱ ነው የሚሉት። ለአልጋውም ለእሱም ኮሽታን ክፈይ ያላት የለም፤ ቢሏትስ ከየት አባቷ ታመጣለች?

ሆስፒታሉ ለኩባንያ ሊተላለፍ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ ከርሞ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው አዳራሽ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ የተበላሸው ሊፍት እንደሚሠራ፣ የጠፋው መድኃኒት እንደሚገኝ፣ ሰልፍ የሚባል ነገር እንደማይኖር ተናገረ። ሊፍቱስ እውነቱን ነው፤ ከቆመ ቆይቷል። የኮሽታን እናት በቃሬዛ ተሸክመው ደረጃውን ያወጧቸው እነ ያንሱ ናቸው።

አንዲት አዋላጅ ተነሳችና "ሰልፉ እንደሚጠፋ እኔም አምናለሁ፤ ተሰላፊው ነዋ የሚጠፋው" አለች። አዳራሹ ሳቀ። ኮሽታ አልሳቀችም።

"መክፈል የማይችለውስ?" ሲል ያንሱ ጠየቀ።

"አማራጭ ይፈለግለታል" አለ ሥራ አስኪያጁ።

ይህቺ አማራጭ የምትባል ነገር እንዴት እንደምታበሽቀኝ። ማነው ፈላጊው? እስኪገኝ ድረስ በሽተኛው የት ይተኛል? የሚነግራችሁ የለም። ኮሽታ ግን ቃሉን እንደሰማች እናቷ አንሶላ ተጠቅልለው በር ላይ ተቀምጠው ታዩአት።

"እሺ፣ የሚቃወም እጁን ያውጣ" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ዓይኑን በየረድፉ እያዞረ።

አጠገቧ የተቀመጠው ያንሱ ቀስ ብሎ አወጣ። እሷም የእናቷ አልጋ ውል አላትና ልታወጣ ቃጣት። ወዲያው ደግሞ ሥራዋ ታወሳት፤ ብትባረር ሁለቱም ምን ሊበሉ ነው? እጇን ጉልበቶቿ መሃል ቀረቀረችው። ከዚያ ሁሉ ሰው የወጣው እጅ በጣት የሚቆጠር ነበር።

ወሬ ከእሷ ቀድሞ ደረጃውን ወጥቶ ኖሮ፣ ገና ከመግባቷ እናቷ "እጅ አስወጧችሁ አሉ። አወጣሽ?" አሏት።

"አወጣሁ" አለች። እንዴት ከአፏ እንዳመለጣት እሷም አታውቅ።

እናትየው ፊታቸው በራ። ለጎረቤት አልጋዎች ሁሉ "ኮሽታ የምትሏት ልጄ ናት እንግዲህ" እያሉ አወሩ። በሽተኛው ሁሉ እጅሽ ይባረክ ሲላት፣ እሷ መግቢያ አጣች።

በማግስቱ ጠዋት አንሶላ ስትቀይርላቸው ያንሱ መጣ። ነጭ ጋውኑን አልለበሰም።

"አንተም አይተሃታል አይደል፣ እጇን ስታወጣ?" አሉት እናትየው።

ያንሱ ኮሽታን አያት። እሷ አንሶላውን ማጠፍ ጀመረች።

"አይቻታለሁ፣ እናታችን። አጠገቤ ነበረች" አለና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። "ነይ ኮሽታ፣ ክንዳቸውን እዚህ ጋ ደግፊ። አትጎትቺ። እሳቸው እስኪሞክሩ ጠብቂ። ከእንግዲህ የምታሠሪያቸው አንቺ ነሽ።"

"አንተስ የት ልትሄድ ነው?" አሉ እናትየው።

ሊነግራቸው አልፈለገም ነበር። "ተሰናብቻለሁ" አለ በመጨረሻ። "ትናንት እጅ ያወጣነውን ሁላችንንም አሰናብተውናል።"

እናትየው አመዳቸው ቡን አለ። በደህናው እጃቸው የልጃቸውን ቀሚስ ጨምድደው ያዙ። "ልጄንም? ምን ልትሆን ነው? የት ትገባለች?" ይላሉ፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

"አላወጣሁም፣ እማዬ" አለች ኮሽታ። "ዋሽቼሽ ነው። ፈርቼ እጄን አላወጣሁም።"

እናትየው በረጅሙ ተነፈሱና "እሰይ፣ እንኳን አላወጣሽ የኔ ልጅ" አሉ። ካሉ በኋላ ነው ማን አጠገባቸው እንዳለ ትዝ ያላቸው። አፋቸውን በደህናው እጃቸው ያዙ።

ያንሱ የታመመውን ክንዳቸውን ከሥር እንደደገፈ ነበር። "በሉ እናታችን፣ ያንሱ" አለ።

እናትየው ዓይኑን ማየት አቅቷቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ኮሽታም የእናቷን ክንድ፣ እሱ እንዳሳያት አድርጋ፣ ተቀበለችው።