የጀማል ዘጠኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሐያት ነሲም ሰፈር ወዳለው ቤቴ ወረቀት ይዛ መጣች። በምትሠራበት ክሊኒክ የሠራተኞችን የዓመት ፈቃድ የምታሰላው እሷ ናት።

«እማ፣ በሳምንት ሦስት ቀን የምትሠራ የጽዳት ሠራተኛ አለች። ፈቃዷን እንዴት ልቁጠርላት?» አለችኝ።

ሻይ እየቀዳሁላት ጀማል ትዝ አለኝ። ለዓመታት አስታውሼው አላውቅም፤ የሚታወስም ሰው አልነበረም።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። እዚሁ ዓረብ አገር፣ ባጥሐ በሚባለው ሰፈር የሴቶች ቀሚስ በሚሰፋበት ቤት ቅዳሜ፣ ሰኞና ረቡዕ ቁልፍ እተክል ነበር። ሌሎቹ ከጁምዓ በቀር ሳምንቱን ሙሉ ይሠራሉ። ጀማል የአገራችን ሰው ነው። ሥራው የፈቃድ ወረቀት መሙላት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ «ሙዲር» ብለው እንደ አለቃ ካልጠሩት አይዞርም ነበር። ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል። ሁለቱ አይጽፉም።

ሐያትን በዓመቷ ወሎ እናቴ ዘንድ ትቻት ነበር። ሦስት ዓመት ሳላያት አለፈ። የአቧራው ወቅት ሲገባ ፈቃድ ጠየቅሁ።

የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ አሥራ ስምንት የሥራ ቀን ያርፋል፤ ሦስት ሳምንት ማለት ነው። እኔ ግማሹን ስለምሠራ ዘጠኝ ቀን ይደርሰኛል። እስከዚህ ልክ ነው። ጀማል ግን ከቅዳሜ ጀምሮ ጁምዓን ብቻ ዘልሎ ዘጠኙን በተከታታይ ቆጠረና በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ሥራ ግቢ አለኝ። መንገዱ ብቻ ደርሶ መልስ አራት ቀን ይበላል።

የምሳ ሰዓት ነበር፤ ሴቶቹ የከብሳውን ሩዝ ትሪ ከበዋል።

«ጁምዓን ለምን ዘለልከው?» አልኩት።

«አይሠራበትማ፣ እህቴ።»

«እኔስ እሁድ እሠራለሁ?»

«አትሠሪም።»

«ማክሰኞስ?»

ካልኩሌተሩን አነሳ። ነካካ፣ አጠፋ፣ እንደገና ነካካ። ጓደኛዬ ከድጃ ከትሪው ቀና ሳትል «ተዪው፣ ማሽኑም አፍሮበታል» አለች።

«ግማሽ ሠራተኛ እንደ ሙሉ ሠራተኛ ሦስት ሳምንት ልትጠፋ?» አለ።

«ግማሽ ስለምሠራ አንዴ ቀንሰህብኛል። ሁለተኛ አትቀንስ።»

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ቀን መቁጠር ያስተማረኝ ቀዳ ነው። በረመዳን ያልጾምኩትን ቀን በሌላ ወር ስከፍል፣ በመሃል የበላሁበትን ቀን ከፈልኩ ብዬ አልቆጥርም። ይህን ማንኛዋም ሙስሊም ሴት ታውቃለች። ሦስት እስክሪብቶ የሰካው ሰውዬ አያውቅም።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ስላዘንኩልሽ ነው» ብሎ ሦስቱን ሳምንት ፈረመ። እዝነቱን እዚያው ትቼለት ወረቀቱን ወሰድኩ።

ወሎ ስደርስ ሐያት አላወቀችኝም። ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ሆና ታየኝ ነበር። ብስኩት ስሰጣት ተቀብላ ትሸሻለች። እናቴ «እናትሽ ናት» ስትላት ታለቅሳለች። ዱዓ አደረግሁ። ፈቃዴ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ረቡዕ ዕለት፣ ደጃፍ ላይ ቆሎ ስበላ መጥታ ጭኔ ላይ ተቀመጠች። ከመዳፌ ቆሎ እያነሳች በላች።

በጀማል ቆጠራ ቢሆን ያን ቀን ባጥሐ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር። አልሐምዱሊላህ።

«የሳምንቱን ግማሽ ከሠራች ግማሹን ስጫት» አልኳት ሐያትን። «ስትቆጥሪ ግን የምትሠራበትን ቀን ብቻ ቁጠሪ።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ጻፈችና ሻይዋን አነሳች።