ከቀኝ የሚጀምር መጽሐፍ

እናቴ ስለ አባቷ ቁርኣን ስታወራ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። አያቴ በገዛ እጃቸው የገለበጡት ነው፤ ጽሑፉ በደቃቅ ጥቁር፣ የየምዕራፉ መነሻና ምልክቶቹ ጎላ ብለው በቀይ። ሲጽፉ ከአጠገባቸው ቁጭ ብላ ቀዩን ቀለም የምትበጠብጠው እሷ ነበረች። እኔ ግን ሲወራ ሰማሁ እንጂ አይቼው አላውቅም። ስፌቱ ስለተበጠሰ፣ ከተከፈተ ይበተናል ተብሎ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ኖረ።

አምና የእናቴ ዓይን ደከመ። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም እየቀነሰ ይሄዳል አላት። ቤት እንደገባን "ጨርሶ ሳይጨልምብኝ የአባባን ጽሑፍ አንዴ ልየው" አለችኝ።

የሰፈራችን የአዲስ ዓለም ወጣቶች ለመውሊድ በመስጊዱ ግቢ የድሮ ቅርስ ሊያሳዩ ሽር ጉድ ይሉ ነበር። ለዚያ ቀን አደርስልሻለሁ ብያት ጠጋኝ ፍለጋ ወጣሁ። የጠየቅሁት ሁሉ የጠቆመኝ አንድ ሽማግሌ ነው፤ ዳዊትና ድርሳን በቆዳ ሲያለብሱ ያረጁ የቤተ ክርስቲያን ደጓሽ። ለእናቴ እንዴት ብዬ ልንገራት ብዬ ስጨነቅ፣ "ምነው? መጽሐፍ ማክበር ያውቅ የለም እንዴ!" ብላ ሳቀችብኝ።

ወላሂ ያውቁበታል! እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ነው ጨርቁን የፈቱት። የመጀመሪያውን ገጽ ሲያዩ "አቤት እጅ! መስመሩን እዪው እስቲ፣ ዝንፍ ያለች ፊደል የለችም" አሉ። የማያነቡትን ጽሑፍ እንዲያ ሲያደንቁ ወደድኳቸው።

በመውሊድ ጠዋት ራሳቸው ይዘውት መስጊዱ ግቢ ድረስ መጡ። ከማክሰኝት ሳይቀር ሰው መጥቷል፤ ጠረጴዛው ላይ የቁርኣን ልጆች የተማሩባቸው የእንጨት ሰሌዳዎች፣ የሸማኔዎቻችን ጥለት፣ በእጅ የተጠለፉ ቆቦች ተደርድረዋል። መጽሐፉ ከጨርቁ ሲወጣ ሁሉም ወደ እኛ ዞረ። ቀይ ቆዳ፣ ዙሪያውን ሐረግ፣ ሁልጊዜ መስቀል በሚያትሙበት መሀል ላይ አስበውበት ያሳረፉት ክብ አበባ። ወይ ጉድ፣ ሸጋ ብቻ ማለት አይበቃውም!

እናቴ ሐረጉን በጣቷ እየተከተለች ዳሰሰችና ልትከፍተው ስትል እጇ ቆመ። ጌጡ ያረፈው በመጨረሻው ገጽ በኩል ነው። ዕድሜ ልካቸውን ከግራ የሚጀምር መጽሐፍ የደጎሱ ሰው፣ ከቀኝ የሚጀምረውንም በለመደ እጃቸው ደጉሰውታል። የፊቱ ልባስ ባዶ ቆዳ ነበር።

እኔ ደግሞ ነገር ቶሎ ነው የሚያቃጥለኝ። "ምነው አያ! ሰው አይጠይቁም?" ብዬ ጮህኩባቸው። የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ። "በማርያም፣ እጄ ነው ጉድ የሠራኝ። ልግፈፈውና እንደገና ላልብሰው" አሉ። ወጣቶቹም በጌጡ በኩል ይቀመጥ፣ የለም ቁርኣን በጀርባው አይታይም እየተባባሉ ተነታረኩ።

"ምን ያጨቃጭቃችኋል?" አለች እናቴ። "አንተም ተው አያ፣ ምንም አትገፍም። እኔ ልባሱን ለማየት ነው እንዴ የመጣሁት? ክፈቱልኝ!"

ተከፈተ። አንድም ቅጠል አልወደቀም። ደጓሹ ስፌቱን በዓይናቸው ተከትለው ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ።

እናቴ አጎነበሰች፤ አፍንጫዋ ገጹን ሊነካ ትንሽ ቀረው። ጠበቅን። "ጥቁሩ አይታየኝም" አለች። በቃ ዘግይተናል፣ ያቺኑ አንዲት ነገር ነፈግናት አልኩ በልቤ። ደጓሹም አንገታቸውን ደፉ።

ጣቷ ግን ገጹን ሳይነካ ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ይሄድ ጀመር።

"ቀዩ ይታየኛል" አለች። "ይኸው እዚህ። እዚህም። ይኼን እኮ የበጠበጥኩት እኔ ነኝ።"