ጉና ላይ ያስጾምሁት ጓደኛዬ

መጀመሪያ ያየሁት ላቡን ነው። በጉና ንፋስ እኛ ጋቢያችንን ስንከናነብ የሙላት ግንባር በላብ ርሷል። «እርጅና ነው» ብዬ ሳቅሁበት።

ደብረ ታቦር አብረን የተማርን አራት ጓደኛሞች ነን። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ጉናን እንወጣለን፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም። ቀድሞ የቀመሰ ዓመቱን ሙሉ «ሆድ አምላኩ» እየተባለ ይተረባል። ተረበኛውም ስንቅ ያዡም እኔ ነኝ። ሙላት ስኳር እንዳለበት እናውቃለን። ዘንድሮ ከኪኒን ወደ ኢንሱሊን መርፌ መዛወሩን ግን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ትንሽ ወጣ እንዳልን ተቀመጠ።

«እስቲ ስንቁን ፍታው፤ አንዲት ቁራሽ ዳቦ» አለኝ።

«ገና አምስት ሰዓት ነው። ሆድ አምላኩ ልበልህ?»

ተነሥቶ መንገዱን ቀጠለ። እጁ ተንቀጠቀጠ። ስጠራው የማይገናኝ ነገር መለሰልኝ። ከዚያ ወደቀ። ይዘነው የወጣነውን ጸበል ረጨንበት። አልነቃም።

የአካባቢው ገበሬዎች በቃሬዛ እየተፈራረቁ እስከ መኪና መንገዱ ተሸከሙልን። እኔ ስንቁን ተሸክሜ ተከተልሁ።

ሆስፒታል እንደ ደረስን ሐኪሟ ጣቱን ወግታ ስኳሩን ለካች። «ሃይፖግላይሴሚያ ነው፤ የደም ስኳሩ በጣም ወርዷል» አለችና በደም ሥሩ ግሉኮስ ሰጠችው። ካርዱን አይታ መርፌ መጀመሩን ነገረችንና ጠየቀች፦ «ኢንሱሊን ከወሰደ በኋላ ምን በላ?»

«ጾም ነው» አልሁ።

ነርሷ ልብሱን ስታወልቅ ከኪሱ ከረሜላ ወጣ። ለእንዲህ ያለው ጊዜ የታዘዘለት ነው። አልፈታውም። ከሞት ይልቅ የእኔን አፍ ፈርቷል።

ዓይኑን ሲገልጥ «ዘጠኝ ሰዓት ሆነ?» አለ። ውጭ ወጥቼ አለቀስሁ።

በቀጣዮቹ ቀናት ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ አጥሚቱን እያበረድሁለት፣ ሐኪሟ መርፌውንና ምግቡን እንዴት እንደሚያስማማ ስታስረዳው አብሬ እየሰማሁ፣ በልጅነታችን ወንዛዬ ፍል ውሃ የሠራነውን እያነሣን ቀስ በቀስ ሳቁ ተመለሰ። የንስሐ አባቱም ሊጠይቁት መጥተው «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን የታመመን አታስገድድም፤ ማን ነው ያስጾመህ?» አሉት። ሙላት አልነገራቸውም። እኔም አጥሚቱን ማብረድ ቀጠልሁ።

ለሐኪሟ፣ ለነርሷና ስማቸውን እንኳ ላልጠየቅኋቸው ገበሬዎች ምስጋናዬ አያልቅም። ስኳር ካለበት ሰው ጋር መንገድ የምትወጡ ሁሉ፣ መርፌ ወስዶ እንደሆነና መብላቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ካላበውና ከተንቀጠቀጠ፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ስኳር ወይም ማር ስጡት። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም ሳትጨምሩ በጎኑ አስተኙትና ፈጥናችሁ ሐኪም ዘንድ አድርሱት።

ሙላት ድኗል። ቂምም አልያዘብኝም። ማዕድ ስንቀርብ ግን ከመጉረሱ በፊት እስከ ዛሬ ፊቴን ያያል።