የአደስ ቅቤና ደረቅ ራሴ

በአንድ ሙቀጫ አደስ ከወቀጥን ሦስት ልጆች ሁለቱ ራሳቸውን ቅቤ እየተቀቡ አንዷ ራሷ ደርቆ ማደጓ በደል ነው፤ ያቺ ልጅ እኔ ነኝና በደል መሆኑ ይጻፍልኝ። ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ፋሲካ የልጅ ልጄ ቤዛ ከደብረ ብርሃን መጥታ፣ ላቬንደር የሚሉትን የደረቀ ሐምራዊ አበባ በዘይት ዘፍዝፋ፣ አጥልላ፣ ከሰም ጋር አቅልጣ የገላ ቅባት ስትሠራ ሽታው ቤቱን ሞላው። አበባው የእኛ አገር አይደለም፤ ሽታው ግን የአደስ ዘመድ ነው። «እማማ፣ እጅሽን አምጪ» ብላ እስከ ክርኔ ድረስ ስትቀባኝ ያ የልጅነቴ ቤት መጣብኝ።

ያደግሁት መንዝ ውስጥ፣ ከቀየት ገበያ ብዙም በማይርቅ መንደር፣ በአባቴ እህት ቤት ነው። አባቴ ሲሞት፣ ገና ጡት የጣልኩ ሕፃን ሳለሁ፣ እናቴ ለአክስቴ ሰጥታኝ፣ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄዳ በዚያው ቀረች። መልኳን አላውቀውም። አክስቴን ከሁለቱ ልጆቻቸው ከአስካለና ከዘነቡ ጋር እኩል «እትዬ» እያልኩ እጠራቸው ነበር። እትዬ ለአገሩ ሙሽራ ሁሉ የአደስ ቅቤ የሚያዘጋጁ ሴት ነበሩ።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ሦስታችን ወደ ገደሉ አፋፍ ወርደን የአደስ ቅርንጫፍ ቆርጠን እንመለስና፣ ፀሐይ ሽታውን እንዳይሰርቀው ማጀት ውስጥ ሰቅለን በጥላ እናደርቀው ነበር። ሲደርቅ ቅጠሉን አራግፈን፣ በሙቀጫ እየተፈራረቅን ወቅጠን፣ በስስ ጨርቅ እንነፋዋለን። ከብቱ ሣር ጠግቦ ቅቤው ሲያምር እትዬ ለጋውን ቅቤ አሬራው እስኪወጣለት በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው አጥበው፣ ዱቄቱን እየነሰነሱ ያሹታል፤ እኛም አብረን እናሻለን። የቤቱ ደንብ አንድ ነበር፤ ያሸ ሰው እጁ ላይ የቀረውን በገዛ ጸጉሩ ይጠርጋል። አስካለና ዘነቡ እየተሳሳቁ መዳፋቸውን በጸጉራቸው ላይ ሲያሹ፣ እኔን ግን እትዬ «አንቺ እጅሽን በአመድ ታጠቢ» ይሉኝ ነበር። ታጥቤም ሽታው ከጥፍሬ ሥር ስለማይለቅ፣ ጎተራው ጀርባ ተቀምጬ መዳፌን ሳሸት እቆይ ነበር።

ጥር ሲገባ ቤታችን በሴት ይሞላል። ለሙሽራዋ ገላ መታጠቢያ አሪቲና ጦስኝ ይፈላል፣ ለእጅና ለእግሯ እንሶስላ ይወቀጣል፣ ቅቤው በዋንጫ ይወጣል። ውሃ አመላላሽ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ ጥሩ ራሴን ዳሰስ አድርገው፣ «ኧረ ጉድ! የቅቤ ቤት ልጅ ራሷ ጭራሮ!» ሲሉ፣ አስካለ ቀበል አድርጋ «እሷንማ ቅቤውም ይሸሻታል» አለችና ቤቱ በሳቅ ሞላ። እትዬ አልሳቁም። አስካለንም ግን አልተቆጧት።

ጾሙ አልፎ ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ የባሰ ነበር። ጠዋት እትዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ልጆቻቸውን ጉልበታቸው መሐል እያስገቡ፣ ጸጉራቸውን ከፍለው አናታቸውን በቅቤ ያሹላቸዋል። እኔም በየዓመቱ ተራዬን ጠብቄ እቀርብ ነበር።

«ያንቺ ይቆይ» ይሉኛል።

«እስከ መቼ?»

«ይቆይ አልኩ እኮ፤ ምን ያከራክርሻል?»

አንድ ፋሲካ ተናድጄ ዋንጫው ውስጥ እጄን ከተትኩ። ጭንቅላቴ ጋ ሳላደርሰው አንጓዬን ይዘው፣ በነጠላቸው ጫፍ ጣቶቼን አንድ በአንድ ጠረጉልኝ። ሳይቆጡ፣ ሳይመቱ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር፤ የተመታ ልጅ ቢያንስ የቤቱ ልጅ ነው። እውነቱን ካልጻፍኩ እኔም በዳይ ነኝና፣ በእንጀራም በልብስም አልለዩኝም፤ ትምህርት ቤትም ከልጆቻቸው እኩል ልከውኝ እስከ አምስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ከቅቤው ብቻ ለዩኝ። ለልጅ ደግሞ ያ ብቻው በቂ ነው።

በኋላ እኔም ወደ ዘመሮ ተዳርኩ። አሪቲው ፈልቶ ታጥቤ፣ ራሴን ገልጬ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ሁሉ እትዬን ይጠብቃሉ። እሳቸው ዋንጫውን አንስተው ጥቂት ከያዙት በኋላ ለእማማ ጥሩ ሰጥተው ወጡ። በሩ ክፍት ነበርና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መንገዱን ሲያዩ አየኋቸው። ቅቤው ቀልጦ አንገቴ ላይ ሲወርድ፣ «በዛሬዋ ቀን እንኳ ሊነኩኝ ተጸየፉ» እያልኩ አለቀስኩ። ሴቶቹ ሙሽራ ስለሆንኩ ያለቀስኩ መስሏቸው እልል አሉ።

ዛሬ ሁሉም የየራሱን ቅባት ከሱቅ ገዝቶ፣ በሩን ዘግቶ ይቀባል፤ ማን ተቀባ፣ ማን ቀረ ብሎ የሚያይ የለም። ያኔ ግን ራስ የሚቀባው በሰው እጅ ነበር፤ ያልተቀባ ሰው፣ ሰው እንደሌለው አገር ያውቅበት ነበር። የዛሬው ብቸኝነት በር አለው፤ የእኔ በር አልነበረውም።

ቤዛ ቅባቱን የሠራችበት ፋሲካ እንዳለፈ በአውቶቡስ ተሳፍሬ እትዬ ጋ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሞ አስካለ ቤት ይጦራሉ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ጉልበታቸውን ሳምኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ይህን ሳይመልሱልኝ እንዳይሞቱብኝ። ልጆችዎን እየቀቡ እኔን ለምን አስቀሩኝ?»

«ዛሬም አልለቀቀሽም? አንቺስ ዳኛ መሆን ነበረብሽ» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ ሞተ።

«እናትሽ ስትሄድ ‹ራሷን እኔው መጥቼ እቀባታለሁ፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነካብኝ› አለችኝ። በየፋሲካው ‹ዘንድሮ አትቀርም› እላለሁ። በሠርግሽ ቀን እንኳ መንገድ መንገዱን አይ ነበር። እኔ ከቀባሁሽ፣ እናትሽ ሞታለች ብዬ መፍረዴ አይደለም?»

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

እጃቸውን ዘርግተው ሻሼን ፈለጉና፣ ሲያገኙት ጨበጥ አድርገው ያዙት።

«ብነግርሽማ በር በሩን ስታዪ ታድጊ ነበር። ለዚያ እኔ አንዷ እበቃለሁ፤ አንቺ እኔን ብትጠዪኝ ይሻልሻል ብዬ ነው።»