የዶክተር ባቄላ ማነጻጸሪያ

ልጅቷ በሦስት ቀን የጻፈችው አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነው። ልጅቷ እንበላት እንጂ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሂሳብ መምህርት ናት። ነገ ከሰዓት የአባቷ ባልደረቦች እሱን ለማስታወስ መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ የሕይወት ታሪኩን የምታነበው እሷ ናት። መንትያ ወንድሟ ገና በቀብሩ ማግስት "አንቺ ነሽ የተማርሽው" ብሎ ሸክሙን አራግፎባታል።

ትምህርቱን ጽፋለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ነቀዝ የማይደፍረው ባቄላ ሲፈልግ መኖሩንም ጽፋለች። ሰፈርተኛው "ዶክተር ባቄላ" ይለው እንደነበር አልደበቀችም፤ ከኪሱ ያልወጣ ባቄላ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ስንት ጊዜ እንዳነቀውም እንዲሁ። ብዕሯ የተገተረው "አባትነቱ" የሚለው ክፍል ላይ ሲደርስ ነው። እዚያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች፣ ሰረዘች፣ መልሳ ጻፈች፦ "እኔን ረድቶኝ አያውቅም።" ይህን ሰው ፊት ማንበብ ይከብዳል። መተው ደግሞ ውሸት መሰላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ሁለት ነገር ካየ አንዱን ሳይነካ መተው አመሉ ነበር። አዲስ ሳሙና ከተገዛ በአንዱ መስኮት ይሞከራል፤ ሌላው መስኮት እንደ ቆሸሸ ይሰነብታል። "ያልተነካ ከሌለ የተነካው መሻሉን በምን እናውቃለን?" ይላል። ያልተነካውን "ማነጻጸሪያ" ይለዋል። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ላይ ከብስክሌት ወድቃ ሁለቱም ጉልበቶቿ ሲላጡ፣ ቀኙን ቅባት ቀብቶ ግራውን ተወው። እናትየው ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው።

"ልጄ ያንተ ባቄላ አይደለችም" አለችው።

"ሁለት ቀን ብቻ ታገሺኝ" አለ፣ እንዳጠፋ ተማሪ መሬት መሬት እያየ።

አራተኛ ክፍል ሲደርሱ መንትዮቹ ሂሳብ እኩል አቃታቸው። አባትየው ከወንዱ ጎን ተቀምጦ ያስረዳው ጀመር። ሴቷ በጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ብቻዋን ናት። ለእሷ የሚደርሳት ከመሥሪያ ቤት ያመጣው፣ በአንድ በኩል የተጻፈበት ወረቀት ብቻ ነው። "በጀርባው ሞክሪ" ይላትና ፊቱን ወደ ወንድሟ ያዞራል። ከፊት በኩል የቢሮው ስሌት ነበረበት፤ እሷም ያንን ሰረቅ አድርጋ እያየች የራሷን ትፈታለች። ያልተነካችው መስኮት እሷ መሆኗ ገባት። አንጀቷ አረረ፤ በእልህም ተማረች። ለተማሪዎቿ ዛሬም "እኔ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ነኝ" ስትል አገጯ ከፍ ይላል።

ዛሬ ጠዋት ወደ አባቷ ላብራቶሪ የሄደችው ጠረጴዛውን ልታስለቅቅ ነው። ከወጣትነቷ ጀምሮ ከእሱ ጋር ባቄላ ስትመዝን የኖረችው ቴክኒሻን ካርቶን ይዛ ተቀበለቻት። ከመሳቢያው መነጽር ወጣ፣ የተሰበረ ማስመሪያ ወጣ፤ ከሥር ደግሞ ሽፋኑ ላይ "ቤት" የሚል ደብተር።

የመስኮቱ ሙከራ አለ፣ የሳሙናው ውጤት አለ። ቀጥሎ፦ "ቀኝ ጉልበት፣ ቅባት። ግራ ጉልበት፣ ማነጻጸሪያ።" በማግስቱ ቀን ሥር ደግሞ፦ "እንቅልፍ ሲወስዳት ግራውንም ቀባሁ። ማነጻጸሪያው ተበላሽቷል። ሙከራው ተሰርዟል።"

ልጅቷ ሳታስበው ጉልበቶቿን ዳሰሰች። ይህን ወሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ለስንቱ ሰው አውርታዋለች፤ ለካ ግማሹን ነው የምታውቀው።

ገለጠች። "ሂሳብ። ወንዱ፣ እርዳታ። ሴቷ፣ ማነጻጸሪያ።" ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። እንግዲያው እውነት ነበር። ከሥሩ ግን ሌላ መስመር አለ፦ "ሁለተኛ ሳምንት፦ ተበላሽቷል። ወረቀት።" በቃ፣ ሌላ ምንም የለም።

"እትዬ፣ 'ወረቀት' ሲል ምን ማለቱ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ" አለች ቴክኒሻኗ። "ግን ወረቀት ስትዪኝ ትዝ አለኝ። ልጆች ሳላችሁ ዶክተር በምሳ ሰዓት የባቡር ሂሳብ ይሠሩ ነበር። አንዱ ባቡር ከዚህ ተነሳ፣ ሌላው ከዚያ፣ የት ይገናኛሉ። ታንከር ውሃ ሞላ፣ ታንከር ጎደለ። ባቄላን ከባቡር ምን አገናኘው? እኔማ ሥራ ሊቀይሩ ነው ብዬ ሰግቼ ነበር። ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚጽፉት፣ ጀርባውን ነክተው አያውቁም።"

ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ባቡሮቹን ታስታውሳቸዋለች፤ ታንከሩንም፤ የቢሮ ስሌት ናቸው ብላ ሰረቅ አድርጋ ታያቸው የነበሩት እነሱ ናቸው። የነቀዝ ላብራቶሪ ስለ ባቡር ምን አገባው ብላ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም። ሂሳብ አስተማሪ ሆና ይህቺን መደመር አቃታት።

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"

"ቢነግሩሽ ትቀበያቸው ነበር?"

ደብተሩን ከደነችው። ደስ ያላት መሰላት፤ ወዲያው ደግሞ የተዘረፈች መሰላት። አባት አገኘች ማለት ነው፤ ነገር ግን ራሷን በራሷ ያስተማረችው ሴትዮ የት ልትገባ ነው? ለየትኛው እንደምታለቅስ ሳታውቅ አለቀሰች።

ስልኳ ጠራ። ወንድሟ ነው።

"ጨረስሽ?"

"እንደ አዲስ ልጀምር ነው።"

"እኔን የታመመው ባቄላ አድርገሽ እንዳታነቢ ብቻ" አለ እየሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። "አንቺን አምኖ ለራስሽ ተወሽ። እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ብቻዬን ትቶኝ አያውቅም።"

ይህን ደግሞ የት እንደምታስገባው አላወቀችም። ስልኩን ዘጋችና ጽሑፏን ከቦርሳዋ አውጥታ "እኔን ረድቶኝ አያውቅም" የሚለውን ሰረዘች። ገጹ በስርዝ ድልዝ ስለ ጠቆረ ወረቀት ጠየቀች። ቴክኒሻኗ መደርደሪያው ላይ ከተከመረው አንዱን አንስታ ሰጠቻት፤ በአንድ በኩል የተጻፈበት ነው፣ በእሱ እጅ።

ልጅቷ ንጹሑ በኩል ላይ ከመጻፏ በፊት ገለበጠችው። ከላይ እስከ ታች የባቄላ ክብደት ነው። ባቡር ካለ ብላ ደግማ አየች። ምንም የለም። ይህቺን እንግዲህ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ብቻዋን ልትሠራት ነው።