ባርኔጣ የተሰቀለበት ሥዕል

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በቀን ከጥቂት መስመር በላይ አልጽፍም። ዛሬ የምጽፈው ግን የሳቅንበትን ቀን ስለሆነ እጄ ትንሽ ፈጠን ብሏል።

ባለቤቴ በማተሚያ ቤት መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ጣሊያን ወደ አገራቸው ሲመለሱ አንድ የቆየ የሆላንድ ሥዕል ሰጡት፤ በመዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመ፣ መስመሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ። በአጥር በተከበበ የአትክልት ቦታ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። እግሯ ሥር አንበሳ ተኝቷል። በያዘችው ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ባርኔጣ ተሰቅሏል። ሽማግሌው ትርጉሙን አስረድተውታል። ሴቲቱ አገሪቱ ናት፣ አጥሩ ድንበሯ፣ አንበሳው ጉልበቷ፣ ባርኔጣው ነጻነቷ። ያሳተሙት ለባዕድ ንጉሥ አንገዛም ያሉ ሰዎች ናቸው።

ባለቤቴ አሮጌ ብረት ወደሚቀጠቀጥበት መደበር ገበያ ወስዶ ከበርሜል ቆርቆሮ ፍሬም አሠራለትና ማይ ጭሆት ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ሰቀለው። ትርጉሙን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው፣ እሱንም በሹክሹክታ። ያኔ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ አገሩ በንጉሠ ነገሥቱ ሥር ከተጠቃለለ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ አንበሳ የማን ምልክት እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። እሱን በአጥር ከልሎ ሴት እግር ሥር ያስተኛ ሰው ወህኒ ይወርዳል።

የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና ላይ የማተሚያ ቤቱ አለቃ እንደሚገኙ ሰማን፤ ከአዲስ አበባ የተሾሙ ሰው ናቸው። ባለቤቴ በማለዳ ሥዕሉን አውርዶ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ደበቀው። እናቱን ግን ረሳ። አማቴን እንደ እናቴ አንቺ እያልኩ፣ በትግርኛ አደይ፣ እናቴ ብዬ ነበር የምጠራት። አደይ ያቺን ሴት አንበሳ ያላመደች ጻድቅ አድርጋት፣ በየጠዋቱ ፍሬሙን ሳትስም ውሃ አትቀምስም ነበር። ድግሱን ልታሰናዳ ቤት ቀርታ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሥዕሉ ከቦታው ተሰቅሏል፤ ያውም እንደ መቅደስ ሥዕል ግራና ቀኝ መጋረጃ ተደርጎለት።

አለቃው ባርኔጣቸውን እንደደፉ ገብተው ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«ይህቺ ማን ናት?»

አደይ ከጥግ መለሰች። አማርኛዋን የለመደችው ገበያ ስለነበር ሁሉንም ወንድ አንተ ነው የምትለው።

«ቅድስት ናት። አንበሳው ታዘዘላት፣ አታይም?»

«አጥሩስ?»

«የደብሩ ቅጥር ነዋ! አንተ አገር ደብር ቅጥር የለውም?»

«አለው እናቴ፣ አለው። ግን ባርኔጣ ዘንግ ላይ ምን ያደርጋል?»

«ቅጥር ሲገባ ያወለቀ ሰው ነው፣ ወደይ፣ ልጄ! አንተስ መቼ ልታወልቅ ነው?»

አለቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብብታቸው ውስጥ ያዙ፣ አማተቡ፣ ጎንበስ ብለው የበርሜሉን ቆርቆሮ ሳሙ።

«ይቅር በይኝ እናቴ፣ ልብ አላልኩም» አሉ።

«እወ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ። በል ቁጭ በልና ብላ!»

ባለቤቴ ሳል የያዘው መስሎ ወደ ጓሮ ሮጠ። ተከትዬው ስወጣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ይዞ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። «አየሽ? ለነጻነት ባርኔጣቸውን አነሱ!» ይለኛል በሹክሹክታ። እኔም ድምፄ እንዳይሰማ ነጠላዬን ነከስኩ።

ለአደይ እስክታርፍ ድረስ እውነቱን አልነገርናትም። ባለቤቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ በገባ ቁጥር ሥዕሉ ፊት ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ይነሳል። እሷ «ልጄ ጸሎተኛ ሆነልኝ» ትላለች፤ እኔ ወደ ማድ ቤት እሸሻለሁ።

ያ የባለቤቴ ባርኔጣ አሁን ከፍሬሙ ጎን ምስማር ላይ ነው። ትናንት ልትጠይቀኝ የመጣች ጎረቤቴ «አንሺው እንጂ፣ ባየሽው ቁጥር ያስለቅስሻል» አለችኝ።

«ይቆይ» አልኳት። «ወደ ደብሩ ቅጥር ሲገባ አውልቆት ነው።»

ምን እንደሚያስቀኝ አልገባትም። ሥዕሉን እያሳየሁ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።